ዘቢደር በሰሚ ፊት የቆመችባት ዓርብ

ዘቢደር አዝመራ በታላቅ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ፣ የጀመረችውን ሥራ ሳትፈጽም እጇን የማትሰበስብ፣ የሰውን ችግር ከራሷ ችግር የምታስቀድም ሴት ናት። እግዚአብሔር ትሕትናን ከልጅነቷ ጀምሮ አልብሷታል። ይህ ጸጋዋ ግን በሠላሳ አንድ ዓመቷ፣ በአንዲት ዓርብ ቀን፣ ሊጥላት ደርሶ ነበር።

ከአይሁድ ወገኖቿ ጋር ከጎንደር ወደ ኢየሩሳሌም ስትመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ዛሬ ከእናቷ ከወይዘሮ ልቅናሽ ጋር የኢትዮጵያ መንገድ ከሚባለው ጎዳና ጓሮ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ትኖራለች። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት የመምህር ረዳት ሆና አገልግላለች። የሕፃናቱን አፍንጫ ጠርጋለች፣ እርሳስ ቀርጻለች፣ የሚያለቅሱትን አባብላለች፤ ከሰሌዳው ፊት ግን አንድ ቀን እንኳ ቆማ አታውቅም። እንግሊዝኛን በራሷ ትጋት ተምራ ለብዙ አገር ትምህርት ቤቶች ስትጽፍ ከረመች። በመጨረሻም በቬትናም አገር፣ ከባሕር ዳርቻ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሊቀጥራት ፈቀደ። የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚያበቃ የምስክር ወረቀት በአምስት ሳምንት ውስጥ እንድትልክ።

ወረቀቱን የምታገኝበት መንገድ ሁለት ነበር። አንደኛው ኮርስ በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው፤ ቤቷ ተቀምጣ ታነባለች፣ ጥያቄ ትመልሳለች፣ በሦስት ሳምንት ሁለት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይደርሳታል። ሁለተኛው የነቢያት መንገድ በሚባለው ጎዳና ባለ አዳራሽ የሚሰጥ የአራት ሳምንት ኮርስ ነው። በዚያ ሠልጣኙ ለእውነተኛ ተማሪዎች ያስተምራል፤ መምህሯም ከኋላ ተቀምጣ ጉድለቱን ትጽፋለች። ለመግባት ፈተና አለው።

ያን ፈተና ረቡዕ ዕለት ተፈትና ነበር። ፈታኟ መምህርት ኔታ ሰባ ዓመት የተጠጋች፣ ጠጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ዘቢደርም በታላቅ ሰው ፊት እንደሚገባ ዓይኗን ወደ መሬት ሰብራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስተማረች።

«እኔን ፈርተሽ ነው ወይስ ሰሌዳውን?» አለቻት ኔታ።

አክብሬዎት ነው ልትል ፈለገች፤ ይህንም ለመናገር አፈረች።

«እንግሊዝኛሽ መልካም ነው። ከኋላ ወንበር ግን አንድ ቃል አልሰማሁም። ዓርብ ቀትር ላይ ተመለሺ። ከሰማሁሽ እሑድ ትጀምሪያለሽ፤ ካልሰማሁሽ ቀጣዩ ዙር ከፋሲካ በኋላ ነው።»

እስከ ፋሲካ ደግሞ ቬትናም አይጠብቃትም።

ዓርብ ጠዋት የኢንተርኔቱን ኮርስ የምትሸጠው ሚሪ ደወለች። «ዘቢ፣ ነፍሴ! ቦታሽን እስከ ቀትር ይዤልሻለሁ፤ ከዚያ ምዝገባው ይዘጋል።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሳስተምር የሚያየኝ ማን ነው?»

«ማንም!» ብላ ሳቀች ሚሪ። «ፒጃማሽን ለብሰሽ ትማሪያለሽ። ደስታው እዚያ ላይ አይደል?»

ወይዘሮ ልቅናሽ ለሰንበት የሚሆነውን ልትሸምት ወደ ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ለመውጣት ዘንቢሏን አንሥታ ነበር። በበሩ ቆማ ሁሉን ሰማች። «ልጄ፣ ይሄኛው እኮ ሁለት ማኅተም አለው! ያቺ ሴትዮ እንደ ረቡዕ ብትመልስሽ፣ ሁለቱንም አጥተሽ ልትቀሪ ነው?»

«እማዬ፣ ማኅተሙ አብሮኝ ክፍል አይገባም።»

«አንቺስ ብቻሽን ለመግባት ድፍረቱ አለሽ?» አለች እናት፤ መልስም ሳትጠብቅ ወጣች።

ጥያቄው እንደ እሾህ ተሰክቶባት ዘቢደር ከቤት ወጣች። ከደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ መሪጌታ ታሪኩ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። ሐኪም ቤት በሄዱ ቁጥር ዕብራይስጡን የምታስተረጉምላቸው እርሷ ናትና እንደ ልጃቸው ያዩአት ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረብኝ?»

ነገረቻቸው። መሪጌታም ወደ እርሷ ዞረው፣ «እኛ ዘንድ ሰው የቱንም ያህል ዘመን ቢማር፣ ከመምህሩ ፊት ቆሞ ሳያዜም፣ ሳይነቀፍ፣ ሳይታረም ማንም አይመሰክርለትም» አሉ።

«እኔ ግን መሪጌታ፣ በታላቅ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ነውር ይመስለኛል።»

ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «እናንተ ቤት እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ የኛን ልንገርሽ። ዲያቆን መልእክት ሊያነብ ሲወጣ፣ አስቀድሞ ከካህኑ ፊት ጎንበስ ብሎ ቡራኬ ይቀበላል። ከዚያ ቀና ይላል። ቀና ካለ በኋላ ቢያንሾካሹክ፣ እኔው ራሴ ‹አንተ! ለጢምህ ነው የምታነበው?› እለዋለሁ። አክብሮቱ በመግቢያና በመውጫው ነው። በመካከል ያለው ድምፅ የሰሚው ድርሻ ነው፤ ብትደብቂው ነፈግሽው እንጂ አላከበርሽውም።»

«ብወድቅስ?»

«ትወድቂያለሻ! እኔ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ» አሉ፤ ቀጥለውም ፈገግ ብለው፣ «በሦስተኛው ግን የጎረቤት ውሻ ሁሉ ሰምቶኛል።»

ዘቢደር በነቢያት መንገድ ካለው አዳራሽ ደጃፍ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። ሚሪ ነበረች። «አሥር ደቂቃ ቀርቷል። ልመዝግብሽ?»

የሚሪን በር በገዛ እጇ ዘግታ የአዳራሹ ባይከፈትላት፣ ሌላ ሰባት ዓመት እርሳስ ስትቀርጽ ታያት።

«ለሌላ ሰው ስጪው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ስጪው ግን።»

ኔታ ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጣለች። ከፊት ደግሞ የሕንፃው ዘበኛ ባሩክ የቁልፍ ዘለላውን ይዞ ያጉረመርማል። «ዘበኛ ነኝ እንጂ ተማሪ ነኝ እንዴ? ደግሞ ዓርብ ነው! አውቶቡሱ ጥሎኝ ሊሄድ ነው!»

«ዛሬ ተማሪሽ እርሱ ነው» አለች ኔታ።

ዘቢደር እጇን ከደረቷ አድርጋ ለኔታ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። ኔታ ግራ ገብቷት ብዕሯን አስቀመጠች። ዘቢደርም ቀና ብላ ያዘጋጀችውን የፍራፍሬ ሥዕል አወጣች፤ የመጀመሪያው ቃል ግን ከጉሮሮዋ ተሰብሮ ወጣ።

ኔታ መዳፏን ከጆሮዋ አስጠጋች። «አልሰማሁም።»

ባሩክን አየችው፤ ዓይኑ ከግድግዳው ሰዓት አልተነቀለም። ያን ጊዜ ሥዕሉን ትታ በሰሌዳው ላይ አውቶቡስ ሣለች፤ በእንግሊዝኛም «አውቶቡሴ በሰባት ሰዓት ይነሣል» አለች። ድምፅዋ ከኋላው ግድግዳ ደርሶ ሲመለስ እርሷ ራሷ ደነገጠች።

«ለማን ልንገረው?» አለ ባሩክ። «ሾፌሩ እንደሆነ እንግሊዝኛ አያውቅም!»

«ደጅ ቆሞ መንገድ ለሚጠይቅዎ ቱሪስት ይንገሩት።»

«እውነትሽን ነው፤ እነሱ መቼ ይለቁኛል!» አለና ሞከረ፤ አበላሸው። አረመችው። ደገመው፤ ባሰበት። ዘቢደር በእጇ ጠረጴዛውን እየመታች፣ ቃል በቃል እየከፈለች፣ ፊቱን ቀጥ ብላ እያየች ደጋገመችለት። በአራተኛው ባሩክ ቁልፉን እያቅጨለጨለ ተነሣና ዓረፍተ ነገሩን ሳይሳሳት ወደ ኔታ ጮኸ፤ ልሂድ ማለቱ ነበር።

ኔታ ደብተሯን ከደነች። «ሂድ ባሩክ» አለች። ከዚያም ወደ ዘቢደር ዞረች።

«መስኮቱ ተዘግቶ መንገድ ላይ ያለው ሰው ሰምቶሻል። ሰሌዳውን ግን በጀርባሽ ጋረድሽው፤ ፊደልሽም ያዘነብላል። አራት ሳምንት ሙሉ በዚህ አልምርሽም። እሑድ ጠዋት እንዳታረፍጂ።»

ዘቢደር ከደጅ ወጥታ ለእናቷ ደወለች። ከስልኩ ውስጥ የገበያው ሁካታ ይሰማል።

«ተቀበሉሽ?»

«ተቀበሉኝ፤ ማስመስከር ግን ገና ይቀረኛል። እስከዚያ በየቀኑ ልወቀስ ነው።»

«ምን? ጮክ በይ፣ ሰው ሁሉ ይጮኻል እዚህ!»

«ተቀበሉኝ፣ እማዬ!» አለች ዘቢደር፤ አላፊ አግዳሚውም ዞሮ አያት።

የአብርሃም አምላክ የዘቢደርን አንደበት ይባርክ፤ ወይዘሮ ልቅናሽን በዕድሜ ያጽናልን፤ ቤታቸውንም በሰላም ይጠብቅ። አሜን።