የድመቷ ጉርድ ፎቶ

የእህቴን ባል ሰፈሩ «ቀና በል» ነው የሚለው። ጉርድ ፎቶ አንሺ ነው። በርጩማው ላይ የተቀመጠ ሁሉ፣ አለቃም ይሁን ጫኝና አውራጅ፣ «ቀና በል፣ ጆሮህን አሳይ፣ እንዳትስቅ» ይባላል። እኔ አብሬያቸው ስለምኖር አውቀዋለሁ፤ ሙሽራ እንኳ ብትመጣለት እንደ መታወቂያ ነው የሚያነሳት።

ድመታችን አረጀች። የእንስሳት ሐኪሙ ኩላሊቷ ስለደከመ ብዙ እንደማትቆይ ነገረን። እህቴ እንባዋን ጠርጋ ባሏን «ማስታወሻ የምትሆነኝ አንድ ፎቶ አንሳልኝ» አለችው። ሌላ ነገር አልጠየቀችውም።

ታቅፏት ፎቶ ቤቱ ወሰዳት። ነጩ መጋረጃ ፊት በርጩማው ላይ አስቀመጣት፤ ወረደች። መለሳት፤ ወረደች። በመጨረሻ ቁልፍ እያቅጨለጨለ ቀና አስደርጎ አነሳት። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ ሁለቱም ጆሮዎቿ ይታያሉ፣ ዓይኗም ቀጥ ብሎ ያያል። ፓስፖርት ማውጣት ብቻ ነው የቀራት።

እህቴ ፎቶውን አየችና «ይቺ የማን ድመት ናት?» አለችው።

ሰውዬው ግራ ገባው። «የኛው ናት እንጂ። ጆሮዋ አይደለም? ጢሟ አይደለም?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ግራ ገብቶኛል። ድመቷ እሷው ናት፣ ግን ደግሞ አይደለችም።

በማግስቱ ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ቤት ዋለ። ያን ሁሉ ሰውነቱን ይዞ ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቶ አልጋ ሥር፣ ሶፋ ሥር፣ የልብስ ቅርጫት ውስጥ ሳይቀር ተከተላት። እህቴ እያንዳንዱን ፎቶ እያየች «አይደለችም» ትላለች።

«እና የቷ ናት ያንቺ ድመት? ንገሪኝና ልገላገል» አላት።

«ሲመሽ ከበሩ ኋላ ቁጭ የምትለዋ። ኮቴህን ስትሰማ ጆሮዋን አቁማ ትጠብቅሃለች።»

«እኔን? እኔ ስገባ እኮ ጅራቷን አሳይታኝ ነው የምትሄደው። ትጠላኛለች ብዬ ነው እስከ ዛሬ የማስበው።»

«ከገባህ በኋላማ ምን ትጠብቅ?»

በሩን አየ፣ ድመቷን አየ፣ ካሜራውን አየ። እሱ ቤት ካለ እሷ አትጠብቀውም፤ ውጭ ከሆነ ደግሞ አያነሳትም። ብዙ አሰበና ካሜራውን ለእህቴ ሰጥቷት ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ሲመሽ ኮቴው ተሰማ። እህቴ ወለሉ ላይ ተኝታ አነሳቻት። ፎቶው ጠማማና ደብዛዛ ሆነ፣ አንዱ ጆሮዋም ተቆርጧል። ከፊቷ በሩ ገርበብ ብሎ የሱ ጫማ ጫፍ ይታያል።

«ይቺ ናት» አለች እህቴ።

እሱ ፎቶውን ወዲያና ወዲህ እያዞረ «ጥራት የለው፣ ብርሃን የለው» ሲል አመሸ። ግን ከእጁ አላወጣውም።

ድመቷ ከሞተች ቆየች። እሱ አሁንም ሲመሽ በሩ ጋ ሲደርስ እግሩን ጠንከር አድርጎ ይረግጣል፣ ትንሽም ቆም ይላል፣ ከዚያ ነው የሚከፍተው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«እኔ እንጃ» አለኝ።