ያልተገኘችው መምህርት

ተቆጣጣሪው አቶ ቺፓላ በዞምባ ከተማ ወዳለው የአካል ጉዳተኛ ሕፃናት ክፍል ሲገባ አንዲት ሴትዮ ወለል ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀሚሷ ጉልበቱ ላይ ተጥፏል፤ ትከሻዋ በልጆች ለሃጭ ወይቧል። አንዲት ሕፃን ማንኪያ የጨበጠችበትን እጅ ደግፋ ገንፎ መጉረስ ታለማምዳታለች። የማንኪያው እጀታ ላይ "ቲያሚኬ" ተብሎ ተቀርጿል፤ እሱ በያዘው የልጆች መዝገብ ግን እንዲህ የሚባል ልጅ የለም።

"እህቴ፣ እስቲ መምህርቷን ጥሪልኝ።"

"መጀመሪያ ይቺ ማንኪያ አፍ ትድረስ፣ ጌታዬ።"

ተቆጣጣሪው ግማሽ ሰዓት ተገትሮ የቁጥጥር ቅጹን ሞላ። በመጨረሻ ሕፃኗ ራሷ ጎረሰች። ሴትዮዋ ዓይኗን ጠራርጋ፣ "አቤት፣ መምህርቷ እኔው ነኝ" አለች።

ቅጹ ላይ "መምህርት አልተገኘችም" ብሎ ቀድሞ ጽፎ ነበር። ስርዝ ድልዝ ክልክል ነውና፣ እሷኑ ምስክር ብሎ አስፈረማት፤ "ቲያሚኬ" ብላ ፈረመች።