መኪናውን ወደ አጋሮ ያዞርኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልተናገርኩም። ለመስጊዳችን ኢማም አልተናገርኩም። ሰግጄ ስጨርስ እጄን ዘርግቼ ለአላህ እንኳ አፍ አውጥቼ አልነገርኩትም፤ ያውቀዋል እያልኩ ሳልፈው ነው የኖርኩት። አሁን ግን እናንተ፣ የማላውቃችሁ ሰዎች፣ ልታነቡት ነው። አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱ «ልጅ ነበር፣ ፈርቶ ነው» እንዳትሉኝ። እንዲህ የሚለኝን ሰው አልወደውም። ፈርቼ ነበር፣ አዎ። የፈራ ሁሉ እኔ ያደረግኩትን ያደርጋል?

ነጂብ እባላለሁ። የሊሙ ገነት ልጅ ነኝ። እናቴ ዘይነባ የወለደችው ሁለት ብቻ ነው፤ እህቴን ሀያትንና እኔን። አባታችን ሲሞት ሀያት ትምህርቷን ጥላ አረብ አገር ሄደች። የሰው ቤት እየጠረገች፣ የሰው ልጅ እያዘለች እኔን አስተማረች፤ የቤታችንን የሳር ክዳን በቆርቆሮ አስቀየረች። ለዓመታት ድምጿን እንጂ ፊቷን አላየንም። እናቴ የራሷ ስልክ አልነበራትም። ሀያት የምትደውለው በእኔ ስልክ ነው። ለእናቴ የማቀብል እኔ፣ ሲጨርሱ የምቀበል እኔ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ክፋቴን ቀላል ያደረገልኝ ይሄው ነው።

አንድ ቀን ደውላ፣ «ለእማ አትስጣት፤ ብቻህን ነህ?» አለችኝ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ልመጣ ነው ነጂቤ። ግን ልጅ አለችኝ። ሴት ልጅ። ወድጄ አይደለም። ሌላ ነገር አትጠይቀኝ፣ ማሎ፣ እለምንሃለሁ።»

ምንም አልጠየቅኳትም።

«በእማ ስም ዘይነባ ብያታለሁ» አለችኝ። «በስልክ እንድትሰማው አልፈልግም፤ ትደነግጥብኛለች። አንተ አጠገቧ ቁጭ ብለህ ቀስ አድርገህ ንገራት።»

«እሺ» አልኳት። «መኪናም እይዝልሻለሁ። ከጅማ ኤርፖርት እስከ በራችን ድረስ የሚያመጣሽ። ሕፃን ይዘሽ ሚኒባስ ውስጥ አትጋፊም።»

ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። ከልቤ ነበር ያልኩት? ከልቤ ነበር። የሚያናድደኝም ይሄ ነው። መጀመሪያውኑ ክፉ ብሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ደግ ወንድም ሆኜ ጀምሬ ነው ያን ያደረግኩት።

ጅማ ወረድኩ። ቦሳ ኪቶ ሰፈር ውስጥ ጋሽ ሰይፉ የሚባሉ ሽማግሌ ሹፌር አሉ፤ ኤርፖርት የሚደርስ እንግዳ በኮንትራት የሚያመላልሱ። ነጭ ኮሮላቸውን በእጃቸው ሲያጥቡ አገኘኋቸው። ቀኑን፣ አውሮፕላኑ የሚደርስበትን ሰዓት፣ የእህቴን ስም ነገርኳቸው። ሕፃን እንደያዘችም ነገርኳቸው። ከሰው ሁሉ በፊት ስለ ሕፃኗ የሰሙት እሳቸው ናቸው።

«ቆየች ከሄደች?» አሉኝ።

«በጣም ቆየች።»

«አይ የናት አንጀት!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለሕፃኗ የኋላውን ወንበር በብርድ ልብስ አመቻችላታለሁ። አንተ አታስብ ልጄ፣ እናቷ እጅ ላይ ነው የማስረክባት።»

እኔ በዚያን ጊዜ ሐጂ ሙክታር የሚባሉ ሰው ቡና ማጠቢያ ውስጥ ሚዛን ላይ እሠራለሁ። ልጃቸውን አጭቼአለሁ፤ ኒካሁ ቀርቧል። ሀያት ልትገባ ሁለት ቀን ሲቀራት ሐጂ «ሐሙስ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥተን እናትህን እንጠይቃለን» አሉኝ። ሐሙስ ሀያት የምትገባበት ቀን ነው።

ለእናቴ ስለ ሕፃኗ አልነገርኳትም ነበር። ነገ እነግራታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራታለሁ እያልኩ አስተላለፍኩት። እሷ የምታውቀው ልጇ እንደምትመጣ ብቻ ነው። ግድግዳ ለቀለቀች፣ ፍራሽ አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣች፣ በአጥር ማዶ ላለፈ ሁሉ «ሀያቴ ሐሙስ ትገባለች» አለች። እኔ ደግሞ ፍራሹን ሳይ የሚታየኝ ሌላ ነበር። ሐጂና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ፣ እህቴ አባት የሌላት ልጅ ታቅፋ ስትወርድ። ሐጂ ተነስተው ጫማቸውን ሲያጠልቁ። ይህን ማንም አላለኝም። ማንም አላስፈራራኝም። እኔው ራሴ ጭንቅላቴ ውስጥ ሠራሁት፣ እኔው አመንኩት።

አጋሮ ጓደኛ ነበረኝ። ደውዬ አንዲት ክፍል አስያዝኩ። ሐሙስ ጠዋት ለጋሽ ሰይፉ ደወልኩ።

«ጋሽ ሰይፉ፣ ለውጥ አለ። ሊሙ ገነት አያምጧት። አጋሮ ይውሰዷት፤ ቤት ይዤላታለሁ።»

«እናትየው አጋሮ ናቸው እንዴ?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት እናቷን ያላየች ሰው...»

«አንተ ሹፌር ነህ!» ብዬ ጮህኩባቸው። «የተባልክበት አድርስ!»

በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። አንተ አልኳቸው። «እሺ ጌታዬ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ልጄ ብለውኝ አያውቁም።

ለእናቴ «ሀያት ዛሬ አትመጣም። አሠሪዎቿ አንለቅሽም ብለዋት ቀረች» አልኳት። አልጮኸችም። በእጇ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች፣ መልሳ አነሳችው፣ እንደገና አስቀመጠችው። እንግዶቹ ሲመጡ እየሳቀች ተቀበለቻቸው። በመንገድ መኪና ባለፈ ቁጥር ግን አንገቷ ይቀና ነበር። አየኋት። እንዳላየ ሆኜ ለሐጂ ወጥ ጨመርኩላቸው።

ስልኬ ጮኸ። የጋሽ ሰይፉ ቁጥር ነው። ከቤቱ ጀርባ ቡናው ውስጥ ገብቼ አነሳሁት።

«ነጂቤ፣ ገባሁ እኮ! አገሬን ረገጥኩ!» እየሳቀች ነበር። «ሹፌሩ ግን አጋሮ ነው የምንሄደው ይሉኛል። ተሳስተው ነው አይደል?»

«አልተሳሳቱም።»

«እንዴት?»

«ለእማ ነገርኳት።»

ሳቋ ቆመ። «ምን አለች?»

እዚህ ጋ ጊዜ ነበረኝ። ትንፋሽ የሚያስወስድ ጊዜ። ሌላ ውሸት መዋሸት እችል ነበር፤ እንግዳ አለ፣ ነገ እመጣለሁ፣ አንድ ቀን ብቻ ታገሺ ማለት እችል ነበር። እህቴ እሺ ትለኝ ነበር። ለምን አላልኩም? ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅኩ! አንድ ቀን አልበቃኝም። ጨርሶ እንዳትመጣ ፈለግኩ። ስለዚህ ይህን አልኳት፤

«ዲቃላዋን ይዛ ደጄን እንዳትረግጥ ብላለች።»

ቃሉ የእኔ ነው። እናቴ ይህን ቃል በሕይወቷ ለማንም ልጅ ተናግራ አታውቅም። እኔ ነኝ ፈልጌ ያገኘሁት፣ በእናቴ አፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

በስልኩ ሕፃኗ ስታለቅስ ይሰማኛል።

«እማ ናት እንዲህ ያለችው?»

«እማ ናት።»

«ስሟን ነግረሃታል? ዘይነባ እንደምትባል ነግረሃታል?»

«ነግሬያታለሁ።»

ስልኩን የዘጉት ጋሽ ሰይፉ ናቸው።

እጄን ታጥቤ ወደ ቤት ተመለስኩ። ሐጂ ዱዓ አደረጉልኝ፤ «እናትህን እንዳስደሰትክ አላህ ያስደስትህ» አሉኝ። «አሚን» አልኩ።

ሀያት ኩሩ ናት። ደጄን አትርገጪ የተባለች ሰው ደጅ አትጠናም። አጋሮ ተቀመጠች፤ መጀመሪያ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች፣ ኋላ ትንሽ ሱቅ ከፈተች። እኔ ቤት ኪራይ እየከፈልኩላት፣ ለሕፃኗ ልብስ እየገዛሁ እመላለስ ነበር። ሲብስ ደግሞ እየተመለስኩ ሳለ መንገድ ላይ ጥሩ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር! ይህን ስጽፍ ብዕሩን መስበር ያምረኛል። ለእናቴ ቁጥሯ ተቀይሯል አልኳት። ራቅ ያለ ከተማ ወስደዋታል አልኳት። አንድ ነጋዴ አጋሮ ገበያ ላይ እሷን የመሰለች ሴት አየሁ ብሎ ሲነግራት ሮጣ መጣችብኝ። «ሰው ይመሳሰላል» አልኳት። ሄዳ ተቀመጠች። እኔን ታምነኝ ነበር፤ ማንን ልታምን ኖሯል?

በተከታዩ ክረምት ታመመች። ሰውነቷ አለቀ። መጨረሻዋ ላይ አማርኛውን ተወችው፤ በኦሮምኛ ብቻ ሆነ የምትናገረው። «ኢንተላ ኮ ኤሳ ጅርቲ?» ትለኛለች። ልጄ የት ናት? እጇን ይዤ «ትመጣለች» እላታለሁ። ልጇ አጋሮ ነበረች። ጠዋት ብደውል ለምሳ ትደርስ ነበር። አልደወልኩም። ከመጣች ይነጋገራሉ፤ ከተነጋገሩ እኔ እታወቃለሁ። እናቴን የገደላት በሽታ ነው፤ ልጇን ሳታይ እንድትሞት ያደረግኳት ግን እኔ ነኝ። ይህን በምን ቃል ታሳምሩልኛላችሁ?

ስትቀበር ለሀያት ደወልኩ። መጣች። ቆማ መራመድ የጀመረች ልጇን በእጇ ይዛ፣ ሰው በሞላበት ግቢ ገባች። «አገር ውስጥ ሆና ነው እናቷን ያላየች?» ሲሉ ሰማሁ። ሰማሁና ዝም አልኩ። ሕፃኗ እጇን አስለቅቃ ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ድንኳን ሄደች፤ ሄዳ ሐጂ ሙክታር ጉልበት ላይ ተደገፈች። በዚያን ጊዜ አማቴ ሆነዋል።

«የማን ናት ይቺ?» አሉ።

«የሀያት ናት» አላቸው አንዱ። «አባቷ አይታወቅም።»

«ማሻአላህ» አሉ ሐጂ። አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት፣ ከፊታቸው ካለው ቴምር አንዱን ፍሬ አውጥተው ሰጧት። በቃ። ጫማ ያጠለቀ የለም። የተቆጣ የለም። የፈራሁት ሁሉ ይሄ ነበር፤ አንዲት ቴምር።

ያኔ እንኳ መናገር እችል ነበር። ያኔ ቢሆን ግማሹ ይድን ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ፣ እናቴን ያስታመሙ ሴትዮ፣ ሀያትን አንገቷን አቅፈው «ስምሽን ስትጠራ ነው የሄደችው ልጄ። ሀያት፣ ሀያት እንዳለች» አሏት። እህቴ ከእቅፋቸው ቀና አለች። በሰዉ መሀል ፈልጋ አየችኝ። መጥታ ፊቴ ቆመች።

«እውነት ነው ነጂቤ? ጠርታኛለች?»

እኔም፣ የእናቴ የመቃብር አፈር ሳይደርቅ፣ «ሰው ለቅሶ ላይ ለማጽናናት የማይለው የለም» አልኳት።

የመጀመሪያውን በፍርሃት አደረግኩት በሉ። ይህንንስ? ይህን በምን አደረግኩት?

ሀያት እንባዋን ጠረገች። ከዚያ በኋላ ጠብታ አላለቀሰችም። ሦስተኛው ቀን ሳይደርስ ልጇን ይዛ ሄደች። ሰዉ «ልበ ደንዳና» አላት፤ እስከ ዛሬ ይላታል። እኔን ደግሞ እናቱን ጧሪ፣ እህቱን ደጋፊ ይለኛል። የልጅቷንም ስም ቀየረችው። ዘይነባ የሚላት የለም፤ ትምህርት ቤት ስትገባ ሰሚራ ተባለች።

ባለፈው ዓርብ አጋሮ ሄጄ ነበር። ልጅቷ አድጋለች፤ አራተኛ ክፍል ናት። ሀያት ሱቁ ውስጥ ስኳር እየመዘነች «አንተ ባትኖር እኔ የት እወድቅ ነበር?» አለችኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ልጅቷ ደብተሯን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

«አጎቴ፣ አያቴ ለምን ጠላችኝ?»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ደንግጣ እናቷ ጀርባ ተወሸቀች።

«ምን አድርጋ ነው የምትጮህባት?» አለችኝ ሀያት ተገርማ። «ጠየቀችኝ፣ እውነቱን ነገርኳት።»

እውነቱን። ከሱቁ ወጥቼ ሄድኩ። ልጅቷ ላይ አልነበረም የጮህኩት፤ ግን የደነገጠችው እሷ ናት። የእኔ ቁጣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሽማግሌ ሹፌር ላይ ይወርዳል፣ ሕፃን ላይ ይወርዳል፣ እኔን ብቻ ይስተኛል።

ነገ ጠዋት አጋሮ እሄዳለሁ። ይቅር በዪኝ አልላትም። ይህን ሁሉ ተሸክማ የኖረች ሴት ላይ ደግሞ እኔን ይቅር የማለት ሥራ አልጨምርባትም። ከእናንተም ይቅርታ አልፈልግም፤ እናንተን አልበደልኩም፣ ይቅር የምትሉትም የእናንተ ያልሆነውን ነው። ምክንያት አልደረድርላትም። ሐጂን አላነሳም፣ ኒካሁን አላነሳም፣ ዕድሜዬን አላነሳም። ልጅቷንም ጠርቼ አጠገቧ አስቀምጣታለሁ፤ እሷም መስማት አለባት።

«እማ አላባረረችሽም» እላታለሁ። «ስለ ልጅሽ አልሰማችም። እየጠራችሽ ነው የሞተችው። ያባረርኩሽ እኔ ነኝ።»

ከዚያ እህቴ ያላትን ትበለኝ። ቆሜ እሰማታለሁ።