ያለ ፈቃድ የተነፋ ጥሩምባ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አባቴ አቶ ብሩ ሲያርፉ ግማሹ የተሠራ ጥቁር ባና በሸማ ዕቃቸው ላይ ነበር። የቅሬያችን፣ የቀብር ማኅበራችን፣ የሬሳ መሸፈኛ አርጅቶ ስለተበጣጠሰ፣ ሐዘን የደረሰበት ቤት እንዳያፍር ብለው ከራሳቸው በጎች ጠጉር የጀመሩት ነው። እስካሁን አልወረደም። የሚጨርሰው ሰው የለም።

ከሞላሌ ወረድ ባለው መንደራችን የቅሬውን ጥሩምባ የሚነፉት እሳቸው ነበሩ። ጥሩምባው ሲሰማ የሚያርስ በሬውን ይፈታል፣ የሚያጭድ ማጭዱን ይጥላል። የቀረ ይቀጣል። ግን ጥሩምባው የቅሬው ንብረት ነው፤ ያለ ዳኛው ፈቃድ አይነፋም።

ጎረቤታችን መኳንንት ልጁ ዓለም ከተማ ሞቶ እዚያው ሲቀበር፣ ቅሬው "ሩቅ ነው" ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መኳንንት የማንንም ቀብር አልረገጠም። ቢመክሩት፣ ቢቀጡት አልሰማ አለ፤ ተሰረዘ። ሐምሌ 11 ጠዋት ሚስቱ ይዘንጋሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃችን ቆመች።

"ጋሼ ብሩ፣ መኳንንት አረፈ። ይንፉልኝ።"

አባቴ ጥሩምባውን ይዘው መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ወልደ ጻድቅ ነው። "ማንንም ሳይጠይቅ ነፋ" የሚባለው ሐሰት ነው። ጠይቀዋል፤ ተከልክለዋል።

"እናትህን ስንቀብር መኳንንት አጥሩ ሥር ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ረሳኸው?" አለ ወልደ ጻድቅ።

"አልረሳሁም።"

"እንግዲያ ሂድና ባናህን ሥራ። ሸማኔ ሕግ አያወጣም።"

"ሕጉንማ ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ። ሰው ሲሞት ንፋ አላችሁኝ፤ ይኸው ሰው ሞተ።"

ጉብታው ላይ ወጥተው ነፉ። ሰው በሬውን ፈትቶ፣ ገሳውን ደርቦ ወጣ። ወልደ ጻድቅ መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

"የመኳንንት ነው፤ ተመለሱ! የሄደ እንደሱ ይሰረዛል።"

ተመለሱ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። በየቤቱ ነገ ቃሬዛ የሚያሻው ሽማግሌ አለ።

ቃሬዛ አራት ትከሻ ይፈልጋል። የቀሩት አባቴ፣ ይዘንጋሽና የመኳንንት የነፍስ አባት መምሬ መልከ ጼዴቅ ብቻ ነበሩ። መኳንንት በይዘንጋሽ አህያ ተጭኖ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። በአገራችን ከዚያ በፊት እንዲህ የሄደ ክርስቲያን ስለመኖሩ የሰማ ሰው አላገኘሁም። አባቴ ከጎረቤታችን ከጫኔ አካፋ ተውሰው፣ ውሃው ጉድጓዱን እየሞላባቸው በጣሳ እየቀዱ፣ መቃብሩን በዝናብ ቆፈሩ።

በማግስቱ ጥሩምባው ተወሰደባቸው፤ ስማቸውም ተሰረዘ። ደረታቸውን ውጋት የያዛቸው ያን ቀን ነው። እኔ ከምኖርበት ከመሐል ሜዳ ስደርስ እያሳሉ ባናውን ይሠሩ ነበር።

"አባባ፣ ከቅሬው ላስወጡዎት ሰዎች ነው የሚሠሩት?"

"ለሬሳው ነው። ሬሳው ምን አጠፋ?"

"ጤና ጣቢያ እንሂድ።"

"መጀመሪያ ባናው ይውረድ።"

ባናው አልወረደም። ሲያርፉ ጥሩምባ አልተነፋም። ሰው በየደጁ ቆሞ አየን እንጂ የወጣ አልነበረም። ይዘንጋሽ አህያዋን እየጎተተች መጣች።

አባቴ በሚያርፉበት ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ከመደባቸው ተነሥተው ነበር። የአካፋውን ጭቃ በገለባ ጠረጉ፤ አጠቡት። እኔ ላድርስልዎ ብላቸው፣ "የተዋስኩት እኔ ነኝ" አሉ። አጥር እየተደገፉ ሄዱ፤ ከኋላ ተከተልኳቸው። ጫኔ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር።

"ምን አስቸኮለዎት፣ ጋሼ ብሩ?"

"ሰው ቢሞትስ? በምን ልትቆፍሩ ነው?"

ጫኔ ወደ ወልደ ጻድቅ ቤት አየት አደረገና አካፋውን ተቀበለ። ይግቡ አላላቸውም። አባቴ ደህና ዋል ብለውት ተመለሱ።