በገዛ ድርሰቱ በር ከፋች

ልጅ ሳለሁ፣ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ወላጆቼ ከሥራ እስኪመለሱ የሚጠብቁኝ ጎረቤታችን ጋሽ ሙሉጌታ ነበሩ። ያኔ ዳውንታውን፣ መሀል ከተማው፣ መኪና ማቆሚያ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን እንግሊዝ አገር የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ሲያጸዱ ኖረዋል። ዊንተር ላይ ቶሎ ሲጨልም በረንዳ ወጥተው ሲጋራቸውን ይለኩሳሉ፤ እኔም ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ፣ ጭሱን በመኪና ማቆሚያው መብራት እያየሁ አዳምጣቸዋለሁ።

ተረታቸው ሁሌም አንድ ነበር፤ ስቱዲዮው ውስጥ ያወቁት ተዋናይ። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ልጅ ነው፤ አነጋገሩ የድሃ ሰፈር ስለሆነ ሌባና ሾፌር ብቻ ሆኖ ነው የሚሠራው።

«እልኸኛ ነዋ! መሪ ሚና ካልሰጣችሁኝ እኔው ለራሴ ድራማ እጽፋለሁ ብሎ ጻፈላቸው!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ራሱ ሠራው፣ አገር ጉድ አለ!»

እኔ ደግሞ የሰማሁትን ሁሉ አምናለሁ። ዐሥር ዓመቴ ላይ ለቤተ ክርስቲያናችን የገና ድራማ ጻፍኩ፤ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል። ማርያምን ቤት እንዲያስገባት አባቷን የምትለምን የቤተልሔም ልጅ አለችበት፤ እሷን ለራሴ ነበር የጻፍኳት። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ወደውት በአማርኛ ፊደል ገለበጡት። የልጅቷን ሚና ግን በቅርቡ ከአዲስ አበባ ለመጣች ልጅ ሰጡ።

«ያንቺ አማርኛ እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ ይላል፣ የኔ ቆንጆ። አንቺ መጋረጃ ትከፍቻለሽ» አሉኝ።

እያለቀስኩ ጋሽ ሙሉጌታ ዘንድ ሮጥኩ። «ያ ሰውዬ ቢሆን እሺ አይልም ነበር!»

የሲጋራው እሳት ጣታቸው ጋ ደረሰ።

«እሱም አልሠራውም» አሉ በመጨረሻ። «አነጋገሩ ለሚያምር ሰው ሰጡበት። እሱን በረኛ አደረጉት፤ በር ከፍቶ ‹ይግቡ ጌታዬ› ይላል፣ በቃ።»

«እምቢ አላለም?»

«ልጆች ነበሩት።»

«ታዲያ ለምን ዋሹኝ?»

«ደስ ሲልሽ አይቼ ነዋ!»

ምነው ዝም ባሉ! ተረቱን ያኔውኑ ጠላሁት፤ እሳቸውንም ጭምር።

በገና ዕለት መጋረጃውን ከፈትኩ። ልጅቷ ጎበዝ ነበረች፣ እሱ ነው ያንገበገበኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እያንዳንዷን ቃል በከንፈሬ አብሬያት አልኩ። ሲያልቅ እናቴ እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ።

«ጎበዝ ልጄ! መጋረጃውን እንዴት አሳምረሽ ከፈትሽው!»

ዛሬ ያ ተረት ሲታወሰኝ ደስ የሚለው መጨረሻ ጨርሶ አይመጣልኝም። የሚመጣልኝ በረኛው ነው። ድራማው በታየ ዕለት ማታ ቤቱ ሲገባ፣ ልጆቹ «አባዬ፣ በሩን እንዴት አሳምረህ ከፈትከው!» ብለውት ይሆን?