በጀልባ ላይ ጫማ አይወለቅም

ፕራዮንግ ባንኮክን አቋርጦ በሚያልፈው የሴን ሴፕ ቦይ፣ በሕዝብ ጀልባ ላይ ትኬት መቁረጥ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ወጣት ተሳፋሪ ሁሉ አክስቴ ዮንግ ይላታል። ጀልባው መሃል ለመሃል መተላለፊያ የለውም፤ ስለዚህ ሄልሜቷን አጥልቃ፣ በውጭ በኩል በጠርዙ ላይ በጎኗ እየተራመደች፣ በአንድ እጇ ገመድ ጨብጣ በሌላው ትኬት ታድላለች። ከሞተሩ በላይ መሰማት ስላለባት ቀኑን ሙሉ ስትጮኽ ትውላለች። ከልማድ ብዛት እቤቷ ጨው አቀብሉኝ ስትል እንኳ ጎረቤት ምን ሆነች ብሎ ይወጣል።

አንድ የዝናብ ወራት ጠዋት፣ ቶንግሎ ከሚባለው ማረፊያ ላይ አንድ ረጅም ሽበታም ፈረንጅ ተሳፈረ። ዮፕ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የሆላንድ አስተማሪ ነው። በእጁ ለከተማው እንግዶች የተጻፈ የአርባ ምክር ወረቀት ይዟል። ጀልባው እዚያ የሚቆመው ሰው አንዴ እስኪያስነጥስ ያህል ነው፤ እሱ ግን ተረጋግቶ ሁለት መዳፉን አጋጥሞ እጅ ነሣና ገባ።

ዮንግ ትኬት ልትሰጠው ስትደርስ ዓይኗ እግሩ ላይ አረፈ። ባዶ ነው።

«ጫማህስ?»

ዮፕ ወረቀቱን አየና በተማራት ታይኛ መለሰላት። «ጌታዬ፣ አንተ ቆንጆ ጠዋት ነህ።»

«እሱስ ይሁን፤ ጫማህ የታል?»

ወደ ኋላ አመለከተ። ከዚያ ወረቀቱን አሳያት። አሥራ ሁለተኛው ምክር አጠገብ የቤት ደጃፍና ከደጃፉ ውጭ የተቀመጠ ጫማ ተስሏል። ሰውየው ጫማውን ማረፊያው ላይ ጎን ለጎን አሳምሮ ትቶ ነበር የገባው።

ጀልባው በሳቅ ታመሰ። አንድ ሽማግሌ፣ «ዮንግ፣ ጀልባሽን ቤተ መቅደስ አደረገልሽ እኮ» አሉ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያከበረኝ የለም፤ አትሳቁበት» አለች። እሷም ግን ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር።

ከፊት ለፊት ለሚመጣው ጀልባ ጮኸች። «ቶንግሎ ላይ ታንኳ የሚያክል ጫማ አለ፤ አንሡልኝ።» አነሡላት፤ ነገር ግን ያኛው ጀልባ ወደ ምሥራቅ ነበርና ጫማውም ወደ ምሥራቅ ሄደ። ዮፕ በምዕራብ በኩል መጨረሻው ማረፊያ፣ ፕራቱናም ሲደርስ ልውረድ አለ። ዮንግ የእግረኛው መንገድ እግር እንደሚጠብስ ታውቃለችና ትከሻውን ጫን አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው። ጀልባው ዞሮ ተመለሰ።

መንገድ ላይ ከሌላ ጀልባ ጋር ተላለፉ። የዮፕ ጫማ ከጀልባው የፊት ጫፍ ላይ፣ ለጀልባው መንፈስ ከሚታሰረው የአበባ ጉንጉን ጋር ተንጠልጥሎ ወደ ምዕራብ ይገሰግሳል። ዮፕ ደስ ብሎት ብድግ አለ፤ ጠርዝ የተቀመጠ ሰው ስቦ የሚይዘውን፣ ውሃ የሚከላከለውን የፕላስቲክ መጋረጃ ገመድ ለቀቀው። ጥቁሩ የቦይ ውሃ ከነቤተሰቡ ገባ። አምስት ሰው ረጠበ፤ ዮፕ ደግሞ እየሳቀ ስለነበር ጥቂት ጠጣ።

ይኸው ነገር ሁለተኛ ጊዜ ተደገመ። ጫማው ወደ ምሥራቅ፣ ዮፕ ወደ ምዕራብ።

ሾፌሩ ቱይ ታከተው። «ዮንግ፣ ወይ ጫማው ይቁም ወይ ሰውዬው ይቁም። ሁለቱም ከተጓዙ እስከ ዓመት አይገናኙም።»

የምሳ ሰዓቷም ደርሶ ስለነበር ዮፕን ይዛ ቶንግሎ ወረደች። ማረፊያው አጠገብ መድኃኒት ቤት ያላት ኬሶን እንግሊዝኛ ታውቃለች። ለሰውየው ነጠላ ጫማ አቀበለችውና ሦስቱም ተቀመጡ። ሰዓቱ ሲገፋ ዮንግ፣ «ያንን ወረቀት ጣለውና የእኔን ጻፍ በይው» አለቻት። ጀልባው ሳይጠጋ አትዝለሉ። ገመዱን ያዙ፣ እኔን አትያዙኝ። መጋረጃውን ሳቡ። ስትስቁ አፋችሁን ግጠሙ። ኬሶን ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመች፣ ዮፕ በሚያምር የአስተማሪ እጅ ጻፈ። ከዚያ ማንም ሳይነግረው መጨረሻው ላይ የራሱን አንድ መስመር ጨመረ። ጫማው ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ጉንጉኑን አንዱ አስሮበት ነበርና እንዳለ አጥልቆት ሄደ። ወረቀቱ የመድኃኒት ቤቱ መስታወት ላይ ተለጠፈ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱን አንብበው የሚሳፈሩት ፈረንጆች ሁሉ ሰልጥነው መጡ። ዮንግን የጨነቃት ግን ስትጮኽባቸው ፈገግ ማለታቸው ነው። ኬሶን ዘንድ ሄደች።

«ያ ሰውዬ መጨረሻ ላይ ምን ብሎ ነው የጻፈው?»

ኬሶን ትንሽ አመነታች። «‹አሮጊቷ ብትጮኽባችሁ አትቀየሙ፤ ምሳዋን ትታ የማታውቀውን ሰው ጫማ ስትጠብቅ የዋለች ናት› ይላል፣ አክስቴ።»

ዮንግ ሄልሜቷን አጥልቃ ወጣች። በማግስቱ በለሰለሰ ድምፅ ለመሥራት ሞከረች። «እባካችሁ መጋረጃውን ሳቡት» ብትል የሰማት የለም፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰች የባንክ ሠራተኛ እስከ ወገቧ ጠቆረች። ቱይ ከመሪው ዞሮ፣ «ምነው፣ አሞሻል?» አላት። ከዚያ በኋላ ወደ ድሮዋ ተመለሰች።

አመሻሹ ላይ መድኃኒት ቤቱ ብቅ አለች።

«ወረቀቱን ላንሣው እንዴ?» አለች ኬሶን።

«ተይው፣ ይጠቅማቸዋል» አለች ዮንግ፤ ሄልሜቷን አውልቃ በመስታወቱ ፀጉሯን እያስተካከለች። «‹አሮጊቷ› የሚለውን ብቻ ሰርዢና ‹ሴትዮዋ› በይልኝ።»