ከማጅራቴ ኋላ ያለውን ቫልቭ ፍለጋ፣ ከጅቡቲ ቆቦ

ሰኞ ንጋት ላይ ከጅቡቲ ስነሳ ለአለቃዬ የነገርኩት እናቴን ልጠይቅ ነው ብዬ ነው። ውሸት አይደለም፤ እናቴን ካየኋት ዓመት አልፏል። ለእናንተ ግን የቀረውንም ልንገራችሁ፤ ሳፊያን ላለማየት ነው የወጣሁት።

ሳፊያ የድሬ ልጅ ናት። በአንድ የጠላቂዎች ጀልባ ላይ አብረን እንሠራለን። እኔ ባሕሩን የለመድኩት ሲሊንደር እያጠብኩ፣ አየር እየሞላሁ፣ የሚጠልቁትን እያየሁ ነው፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ዘንድሮ ሁለታችንም ለጥልቅ ውሃ ፈተና ተቀመጥን። ጥልቅ ውሃ የሚወርድ ሰው በጀርባው ሁለት ሲሊንደር ያዝላል። መዝጊያዎቹ፣ ቫልቭ የምንላቸው፣ ሦስት ሆነው ከማጅራቱ ኋላ ይደረደራሉ። በአንዱ በኩል አየር ካመለጠ ሳያይ፣ በዳሰሳ ደርሶ መዝጋት አለበት። ካልደረሰበት አየሩ ያልቃል።

ሳፊያ ሦስቱን በየተራ ዘግታ ስትከፍት ሻሿን የምታስተካክል ነው የምትመስለው። እኔ ጣቴ የመጀመሪያውን ጫፍ ነክቶ ይመለሳል። እሷ በመጀመሪያው አለፈች፤ እኔ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ለሦስተኛውና ለመጨረሻው ፈተና ዘጠኝ ቀን ቀርቶኛል። ካለፍኩ ባሕሩ ሥር ወዳለችው የሰመጠች መርከብ ከሚወርዱት ጋር እወርዳለሁ፤ ከወደቅሁ እነሱ ሲወርዱ ጀልባ ላይ ቀርቼ ሲሊንደራቸውን እሞላለሁ። የሳፊያን ሲሊንደር ጭምር።

ማክሰኞ፣ ከሎግያ እስከ ቆቦ

ሎግያ አድሬ በማለዳ በሚሌ በኩል ተጓዝኩ። ጭፍራ ላይ ሩዝ በፍየል ሥጋ በላን፤ የግመል ወተትም ጠጣሁ፣ ቀዝቃዛ ባይሆንም ልብ ያርሳል። ከወልድያ በመለስ አንድ ኬላ ላይ ሻንጣዬ ተከፈተ። ፈታሹ ሲሊንደር የማዝልበትን ማሰሪያ ከነብረቱ አንጠልጥሎ አወጣው።

«እህት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የመጥለቂያ ዕቃ ነው። ባሕር ውስጥ።»

«የት ነው የምትሄጂው?»

«ቆቦ።»

ማሰሪያውን አየ፣ እኔን አየ። «ቆቦ ባሕር ሲገባላት እኛም ይነገረን» ብሎ መለሰልኝ። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ።

ከወልድያ ቆቦ ሁለት መቶ ብር ከፈልኩ። ጎብዬ ላይ የሽንኩርት ጆንያ ጣራችን ላይ ተጫነ፤ ሮቢት ላይ ሁለት ሴቶች ዶሮ ይዘው ገቡ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ተዘረጋ፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ ቆሟል፣ ዞብል ተራራ በስተምሥራቅ ደብዝዞ ይታያል። አገሬ ገብቼ እንኳ በልቤ ያለችው የሳፊያ እጅ ናት።

ረቡዕ

እናቴ ደኅና ናት፣ ተመስገን። ጠዋት ማሰሪያዬን አጥብቄ ሁለት ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች በጀርባዬ አሰርኩና ግቢው መሃል ልምምድ ጀመርኩ። ክንዴን ወደ ላይ ዘርግቼ ወደ ኋላ አጥፋለሁ፣ ትከሻዬ ይጮኻል፣ በቫልቩ ፈንታ የያዝኩት የጀሪካኑ ክዳን ጋ አልደርስም። እናቴ ከደጃፉ ሆና ብዙ አየችኝ።

«ባሕር ድረስ ሄደሽ የተማርሽው ጀሪካን ማዘል ነው? ይሄማ እዚህም ነበረልሽ።»

ይሄኔ የወንድሜ ሚስት ዘምዘም ከቦኖ ውሃ ቀድታ ገባች። ሃያ ሊትሩን በገመድ አዝላለች፣ አፉ ማጅራቷ ጋ ነው። ጥርሱ ያለቀ ክዳን ስለሆነ ፌስታል ደርባ ነው የምትገጥመው፤ ስትራመድ ይላላል። እያወራችን፣ ሳትቆም፣ እጇን ወደ ኋላ ልካ ጠበቅ አደረገችው። አላየችውም። እንዳደረገችውም የምታውቅ አልመሰለኝም።

እውነቱን ልናገር? ደስ አላለኝም። ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት፣ እኔ ወራት የለፋሁበትን ነገር ስለ በርበሬ ዋጋ እያወራች ትሠራዋለች። አንዷን ሸሽቼ ሌላዋ እጅ ላይ ወደቅሁ አልኩ። ቀኑን ሙሉ አልጠየቅኋትም። እራት ላይ ወጥሽ ጨው በዝቶበታል አልኳት፤ አልበዛበትም ነበር።

ሐሙስ

ጠዋት «ዛሬ እኔ ልቅዳልሽ» አልኩና ጀሪካኑን ነጠቅኋት። ዘምዘም ባዶ እጇን ተከተለችኝ። ከቦኖው ሃምሳ እርምጃ ሳልርቅ ክዳኑ ላላ፣ ውሃው በጀርባዬ ወረደ። እጄን ወደ ላይ ወደ ኋላ ብወረውር አልደርስ አለ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ዝም ብለው አላለፉኝም።

«የጅቡቲዋ፣ ገላሽን እዚሁ ልትታጠቢ ነው?»

ቀሚሴ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ሲርስ ኩራቴም አብሮ ሳይርስ አልቀረም። «ዘምዘም፣ እንዴት ነው የምታደርጊው?» አልኳት።

«ምኑን እቴ?»

«ክዳኑን።»

ግራ ገባት። ጀሪካኑን ከእኔ ተቀብላ አዘለችና ደገመችው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎን ቆሜ አየሁ። ግራ እጇ የጀሪካኑን ቂጥ ከታች ገፍቶ ወደ ላይ ያነሳዋል። ቀኝ ክርኗ ወደ ጎን አይሄድም፤ በፊት ለፊት ጆሮዋን ታክኮ ይነሳል፣ እጇም ከጭንቅላቷ ኋላ ይወድቃል። ክዳኑ ራሱ መዳፏ ውስጥ ይገባል። ጣቷ ካገኘው በኋላ ትንሽ ያርፍና ነው የሚያዞረው።

«እጅሽማ የት ይደርሳል?» አለችኝ። «ጀሪካኑን ነው ወደ እጅሽ የምታመጪው። አብሽሪ፣ ትለምጂዋለሽ።»

ዓርብና ቅዳሜ ውሃውን እኔ ቀዳሁ። ቅዳሜ ማታ ወጡን አመሰገንኩ፤ ዘምዘም እናቴን አይታ ፈገግ አለች።

ረቡዕ፣ ጅቡቲ

ሰኞ ማታ ቤቴ ገባሁ፣ ረቡዕ ጠዋት ውሃ ውስጥ ነበርኩ። ሳፊያ ቀድማኝ ለማሟሟቂያ ቫልቮቹን ስትዘጋና ስትከፍት በጎኗ ተንሳፍፌ ጠበቅሁ። ግራ እጇ ከሲሊንደሮቹ ሥር ነበር፣ ወደ ላይ ይገፋቸዋል። ስንት ወር አይቻታለሁ። በቅናት ያፈጠጥኩት ግን ቀኝ እጇ ላይ ብቻ ነበር።

ተራዬ ደረሰ። ገፋሁ፣ ክርኔን በጆሮዬ አጠገብ አነሳሁ፣ አገኘሁት። አርፌ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። መካከለኛው አስቸገረኝ፣ ሁለቴ ሞከርኩት። ግራው ቀለለኝ። ፈታኙ ሰዓቱን አይቶ ጣቱን ቀለበት አደረገልኝ። አልፌያለሁ። ከሳፊያ አልፈጠንኩም፤ ይሄም እስከ አሁን ይቆጠቁጠኛል።

ጀልባው ላይ ማሰሪያዬን እየፈታችልኝ «አቦ፣ ማን አሳየሽ?» አለችኝ።

«የወንድሜ ሚስት። ከታች መግፋቱን ከእሷ ነው ያገኘሁት።»

ሳፊያ መፍታቱን አቆመች። «እኔ ልምምድ በጀመርንበት ሳምንት ነግሬሽ ነበር እኮ። 'በግራሽ ግፊው' ስልሽ 'አውቃለሁ' አልሽኝ።»

ላስታውስ ሞከርኩ። ድምፅዋ ትዝ አለኝ፣ ፊቷም ትዝ አለኝ፤ ቃሉ ግን ጨርሶ የለም። ሰው ስቀናበት ዓይኔ ብቻ ሳይሆን ጆሮዬም እንደሚዘጋ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ይህን ለማወቅ ቆቦ ድረስ ደርሶ መልስ ፈጀብኝ።

አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«ሳፊያ» አልኳት፣ «ሌላስ ምን ነግረሽኝ ነበር?»